ጭልፊት ነው አልኋቸው

አብዮት ጠባቂዎች ከማስተምርበት ክፍል አውጥተው ዓይኔን ሸፈኑኝ። መኪናዋ ከጧት እስከ ቀትር ስታዞረኝ ዋለች። መሸፈኛው ሲፈታ ራሴን ያገኘሁት አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ የሻገተ ጆንያ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ የት ነው ያለነው?» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«እኔም አላውቅም፣ አባቴ።»

ከጣና ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስና የቅኔ መምህር ነበሩ። የሸሹ ተማሪዎችን አስጠግተዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ሳሉ ደረታቸውን ጨርሶታል፤ እንደማይተርፉ ያውቁታል። የሚያንገበግባቸው ሞቱ አልነበረም፤ የት እንደሚሞቱ አለማወቃቸው እንጂ። «ጣና ዳር ከሆንሁ ግድ የለም፤ አገሬ ላይ ነኝ» ይሉኝ ነበር። በራችን ላይ የቆመውን አብዮት ጠባቂ ሲጠይቁት አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሌላ ቀን ጎንደር ይላቸዋል፤ ይስቃል።

አንድ ጧት ሽንት ቤት ሲወስዱን ግቢው ጭቃ ውስጥ ላባ አየሁ። ጎንበስ ብዬ እጅጌዬ ውስጥ ከተትሁት። የባዮሎጂ መምህር መሆኔን ያውቃሉና፣ ሳሳያቸው ፊታቸው በራ።

«ያ ዓሣ ነጣቂው፣ አናቱም ጅራቱም ነጩ ይሆን? እሱ እንደሁ ከውኃ አይርቅም።»

በጣሳ ውኃ አጠብሁት። ጭቃው ለቀቀ፤ ላባው ግን ቡናማ ነው።

«ጫጩቱም እኮ ሳያድግ እንዲህ ነው፤ አይቻለሁ» አሉ ቶሎ ብለው።

ልክ ናቸው። ነገር ግን የጫጩቱ የጅራት ላባ ሥሩ ነጣ ይላል። ይኸኛው እስከ ሥሩ ቡናማ ነው፤ ጠቆር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አቋርጠውታል። ርዝመቱም በመሀል ሰርጎድ ካለ ጅራት ዳር እንደወጣ ይናገራል። ጭልፊት ነው። ጭልፊት ደግሞ ከብት በሚታረድበት ከተማ ሁሉ አለ።

ልዋሻቸው ቆረጥሁ። ማንን ይጎዳል? አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ገዝቼሃለሁ! ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ።»

የካህን ግዝት እንዴት ይጣሳል?

«ጭልፊት ነው፣ የኔታ። የትም ይገኛል።»

ላባውን ከእጄ ወስደው በአውራ ጣታቸው አለሰለሱት።

«ይሁን። ከያዙኝ ወዲህ እውነት የነገረኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝና ፈገግ አሉ። «ከግዝቱም፣ ከዚህ ቤትም።»

በሦስተኛው ቀን አረፉ። ከጋቢያቸው ጫፍ ክር መዝዤ አውራ ጣቶቻቸውን ማሰር ጀመርሁ። አብዮት ጠባቂው «ተወው፣ መኪና እየጠበቀ ነው» ብሎ ጮኸብኝ። የእግራቸውንም አስሬ፣ ዓይናቸውን ከድኜ፣ ላባውን ደረታቸው ላይ አድርጌ ነው ያስረከብኋቸው።

ከወራት በኋላ ዓይኔን ሳይሸፍኑ ለቀቁኝ። የግቢውን ግንብ ታክኬ ዞርሁ። ጣና ነበር፤ መቶ እርምጃ አይሞላም። ዳር ላይ ዓሣ አጥማጆች ያወጡትን ይዘለዝላሉ፤ የጣሉትን አንጀት ጭልፊቶች እየተወረወሩ ይሻማሉ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ላባውን በደንብ አውቄው ነበር። ጭልፊቱ ምን ሊበላ እንደመጣ ግን አላሰብሁም።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ቤቴም እዚያው ሐይቁ አጠገብ፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው። ሐይቁ ዳር በወረድሁ ቁጥር፣ ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ያን የመጀመሪያ ቀን ጥያቄያቸውን እመልሳለሁ።

«የኔታ፣ እዚሁ ነበርን።»