በነጠላ የተሸፈኑት አራት ካርቶኖች

አንዱአምላክ ሚዛን ፊት ሲቆም ትንፋሹን ይይዛል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሯል። የላቦራቶሪው ሚዛን የአንዲት ጤፍ ፍሬን ክብደት ስለሚያውቅ፣ ሰው ቢተነፍስበት ቁጥሩ ይዋልላል። ስለዚህ ጋፋት ተወልዶ፣ ከአባቱ ጋር ገብስ እየሰፈረ ያደገው ሰው ቀኑን ሙሉ በዱቄትና በቁጥር መካከል ሳይተነፍስ ይውላል። ሚስቱ ዓይናለም «ቤትም ገብተህ ትንፋሽህን ትይዛለህ» ትለው ነበር፣ ለቀልድ። ከጥቅምት ወዲህ ግን ይህን ቀልድ ትታዋለች።

ሥራው መድኃኒት መመርመር ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ፣ ከየገጠሩ የሚመጣ ኪኒን መጠኑን የጠበቀ መሆን አለመሆኑን ይለካል። ድሮ እያንዳንዱን ናሙና ፈጭቶና አሟሙቶ ግማሽ ቀን ይታገለው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ግን ጡብ የምታህል መሣሪያ መጣችለት። ዓይን የማያየው ብርሃን ኪኒኑ ላይ ታበራለች፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ ገባ መስመር ይሆናል። መስመሩን አንብቦ «ይህ ከመቶ ዘጠና ስድስት፣ ያኛው ሰባ» ብሎ የሚፈርደው ደግሞ ሞዴል የሚሉት ስሌት ነው። ኪኒኑ አይፈጭም፣ ከእሽጉም አይወጣም። ከተለካ በኋላ ለማስረጃ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ደንቡ እንዲያ ነው።

ሞዴሉ ከሰማይ አልወረደም። ስሌቱን የሠራችው መክሊት የምትባል፣ ከሐዋሳ የመጣች ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ የሚማርበትን ያዘጋጀለት ግን አንዱአምላክ ነው። የወባ ኪኒን እየፈጨ ከስታርች ጋር ቀላቀለ፤ ሙሉውን፣ ሰማንያውን፣ ስድሳውን፣ ጭራሽ ባዶውን። እርጥበት ያበላሸውንም ሙቀት የመታውንም ጨመረበት። በሁለት ዓመት ሁለት መቶ አርባ ቅልቅል ሠራ። በመጨረሻ መክሊት ምንነታቸውን ደብቃ ሃምሳ ናሙና ብትሰጠው፣ ሞዴሉ የሳተው ሁለቱን ብቻ ሆነ። አንዱአምላክ በዚያ ቀን የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዘ።

መክሊት ደስታውን አላስጨረሰችውም። «ጋሼ፣ ሞዴሉ የሚፈርደው ባሳየነው ኪኒን ላይ ብቻ ነው፤ ያላሳየነውን አያውቅም» አለችው። «ጤና ኬላ ሲሄዱ ካርቶኖቹን ሁሉ ቁጥር ይስጧቸውና ዕጣ ያውጡ። ዕጣ ያወጣውን እንጂ ሰው የመረጠውን እንዳያመጡብኝ።» ለዚሁ ብላ በቅጹ ላይ አንዲት መስመር አስገባች፦ ናሙናው በዕጣ ተወስዷል፣ አዎ ወይም አይደለም።

አንዱአምላክ ነገሩ ገብቶታል። ገብቶታል ስል በጭንቅላቱ ማለቴ ነው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ ደግሞ የመክሊት ትምህርት አልደረሰም።

ግንቦት ላይ ከእብናት በታች፣ ወደ ቆላው ዘልቃ ወዳለች አንዲት ጤና ኬላ ወረደ። ኬላዋን የምትይዘው እቴነሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀጭን፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት። ባሏ ባዩ ገበሬ ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል እርሻውን ጥሎ መኪና መውረጃው ድረስ መጣ፣ የአንዱአምላክንም ሻንጣ እስከ ቤት በትከሻው ተሸከመለት። «ቤት ያፈራውን» እየተባለ ተበላ፤ የዶሮው ፈረሰኛም ለእንግዳው ወጣ። አንዱአምላክ እምቢ ቢል ባዩ በገዛ እጁ አጎረሰው።

ወደ ኬላዋ ሲሄዱ ናሙናው ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ ቆየው። ሠላሳ እሽግ የወባ ኪኒን፣ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ። እቴነሽ አንድ በአንድ ስትመርጥ ነው የዋለችው።

አንዱአምላክ ቁጥር የተጻፈባቸውን ቁርጥራጭ ወረቀቶች ከኪሱ አወጣ። «ዕጣ ማውጣት ነበረብኝ» አለ።

የእቴነሽ ፊት ተለወጠ። «ጋሼ፣ ጉድለት አገኙብኝ እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «አጥርቼ ነው ያስቀመጥሁልዎ።»

«ይመኑን እንጂ» አለ ባዩ ከበሩ ላይ። «እሷ ከራሷ ዕቃ ይልቅ ለመንግሥት ዕቃ ትጠነቀቃለች። ለእርስዎ መጥፎ ልትሰጥ ኖሯል?»

በኬላዋ ውስጥ ሰባት ካርቶን ነበር። ሦስቱ መደርደሪያ ላይ ናቸው። አራቱ ጥግ ላይ፣ ቆርቆሮው የሚያፈስበት ሥር፣ በነጭ ነጠላ ተሸፍነዋል። አንዱአምላክ አያቸው። አይቶም ዓይኑን መለሰ። የሰው ገመና የተሸፈነበትን ጨርቅ እንግዳ አይገልጥም፤ ጎርሶ የመጣ እንግዳ ደግሞ ጭራሽ። ወረቀቶቹን ወደ ኪሱ መለሰ፣ ሠላሳውን እሽግ አመስግኖ ተቀበለ፣ ቅጹ ላይም «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ሰው ውሸት ሲባል ትልቅ ነገር ይመስለዋል። አንዲት የእስክሪብቶ ጭረት ናት።

ደብረ ታቦር ተመልሶ ሠላሳውንም ለካ። ዝቅተኛው ዘጠና አምስት፣ ከፍተኛው መቶ አንድ ሆነ። ሞዴሉ ያሳዩትን አይቶ እውነቱን ተናገረ። እሽጎቹ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈባቸው። በሰኔም «በኬላው ያለው የወባ መድኃኒት በሙሉ ብቁ ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወደ ቆላ ወረደ።

ክረምቱ ወጣ፣ ወባው ገባ። በጥቅምት አጋማሽ ናሙና የሚያመላልሰው ሾፌር ደረጄ የክፍሉን በር ይዞ ቆመ። «ሻንጣህን የተሸከመልህ ሰውዬ፣ ባዩ፣ ሞተ አሉ» አለው።

«በምን?»

«በወባ። መድኃኒቱን ጨርሶ ውጧል አሉ፤ ሦስት ቀን ሙሉ። ሐኪም ቤት ሊያደርሱት ሲሉ መንገድ ላይ አረፈ። ከሰፈሩ ሦስተኛ ሟች ነው።»

አንዱአምላክ ሚዛን ፊት አልነበረም፤ ትንፋሹ ግን ተያዘ። ዓይኑ ላይ የመጣው የባዩ ፊት አልነበረም። ያ ነጭ ነጠላ ነበር።

በማግስቱ መሣሪያዋን በሻንጣ ይዞ ወረደ። ሻንጣውን የሚቀበለው አልነበረም። ለቅሶ ቤት ገብቶ አለቀሰ፤ የምር አለቀሰ። ሰው ከተበታተነ በኋላ እቴነሽን ኬላዋን እንድትከፍትለት ለመናት። ጥቁር ለብሳ፣ ምንም ሳትጠይቅ ከፊቱ ሄደች።

ጥጉ ባዶ ነበር። አራቱ ካርቶኖች መደርደሪያው ላይ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ተከፍተዋል።

«ያኔ ሸፍነሻቸው ነበር» አለ።

«ሸፍኛቸው ነበር። ኪኒኑ ነጠብጣብ አውጥቶ፣ እሽጉም አብጦ አየሁና ልመልሳቸው ለይቼ አስቀመጥሁ። እንዲያ ያለ ነገር ለእንግዳ ማሳየት ግን አፈርሁ። ንጹሑን ከንጹሑ እየለየሁ ሰጠሁዎ።» ዓይኗ ደርቋል። «በኋላ ደብዳቤው መጣ። ሁሉም ብቁ ነው ይላል። መሣሪያ እንዲህ ካለ የኔ ዓይን ምን ያውቃል ብዬ ነጠላውን አነሳሁ። የቆየው ቀድሞ ይታደላል፣ ደንቡ ነው። ለባዩም ከዚያው ሰጠሁት። በእጄ ነው ያስዋጥሁት፣ ጋሼ።»

አንዱአምላክ መናገር ነበረበት፤ ለዚያ ነው የወረደው። ደብረ ታቦር ላይ አሳምሮ ያዘጋጀው ንግግር ግን ጠፋበት።

«መሣሪያዋ አልሳተችም» አለ። «እነዚህን ካርቶኖች አላሳየኋትም። ዕጣ ሳላወጣ አውጥቻለሁ ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ነጠላውን አይቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እቴነሽ።»

እሷ ወደ መደርደሪያው ዞረች። እሱም መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ከዚህ ካርቶን አንድ እሽግ ስጭኝ፤ ዛሬ ይለካ» አላት።

እቴነሽ እጇን ካርቶኑ ውስጥ አስገባች። ጣቶቿ ያበጠውን እሽግ አለፉት፤ ነጠብጣብ ያለበትንም አለፉት። ከሥር አንድ ያላበጠ አገኘች፤ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

አንዱአምላክ አልተቀበላትም። እጇን አየ። ያኔ እሷም አየችው።

«እንዲህ ነው የመረጥሁት» አለች። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም ነበር።

እሽጉን ወደ ካርቶኑ መለሰችው። አንዱአምላክ ከግንቦት ጀምሮ ኪሱ ውስጥ የከረሙትን ቁርጥራጭ ወረቀቶች አውጥቶ ባርኔጣው ውስጥ ከተተ፤ ካርቶኖቹንም ቁጥር ሰጣቸው። እቴነሽ ፊቷን አዙራ አንዷን አወጣች። አራት ቁጥር ሆነች፤ ከተከፈቱት አንዱ። ከላይ ያለውን እሽግ ሳይመርጥ አነሳ፣ እንዳለ ብርሃኑ ሥር አስቀመጠው። መስመሩ ወጣ። ሞዴሉ ለመፍረድ አንድ ደቂቃ እንኳ አልወሰደበትም።

«ስንት ይላል?» አለች።

«ሠላሳ አራት።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

አሥር ጊዜ ዕጣ አወጡ። አመሻሽ ላይ አራቱም ካርቶኖች ታሸጉ። ከእነርሱ ኪኒን የወሰዱትን ሰዎች እቴነሽ ከመዝገቡ አንድ በአንድ አነበበችለት፤ አሥራ ዘጠኝ ስም ነው። ባዩ ዘንድ ስትደርስ አላለፈችውም፣ እንደ ሌላው ሰው ስሙን ከነአባቱ አነበበች። አንዱአምላክ ሁሉንም ጻፈ። አዲሱን ቅጽ ሞልቶ ሲፈርም ከአጠገቡ ቆማ አየችው።

በሩን ስትቆልፍ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ እኔ የመረጥሁልዎ እነዚያ ሠላሳዎቹ፣ እነሱ ስንት አሉ?»

ሊዋሻት ይችል ነበር። በዚያ ሰዓት ውሸት ምሕረት መሰለው። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቶ አይቶታል።

«ከዘጠና አምስት በላይ ነበሩ። ሁሉም።»

«ፈጩዋቸው?»

«አልተፈጩም። መሳቢያ ውስጥ አሉ።»

«እንደታሸጉ?»

«እንደታሸጉ።»

እቴነሽ ቁልፉን ከበሩ ነቅላ በእጇ ያዘች። «አንዱ እሽግ ለባዩ ይበቃው ነበር» አለችና ወደ ለቅሶ ቤቱ አቀናች።