እናቴን ያገላበጡልኝ ሰው

እናቴን እንደ ቡና ሳገላብጣት የዋልኩት ጅማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ካንሰሩ ሆዷ ውስጥ ተበትኗል፤ ስለዚህ ኬሞውን በክንዷ ሳይሆን በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ሆዷ ውስጥ ጨመሩት።

«መድኃኒቱ ሁሉም ጋ እንዲደርስ በየጊዜው አገላብጣት» አለችኝ ሲስተሯ፤ ሄደች።

እናቴ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል፣ ሆዷ ግን ተነፍቷል። የት እንደምይዛት ጠፋኝ። ትከሻዋን ስስብ ጮኸች፤ እጄን ሰበሰብኩ።

«ማሎ ልጄ፣ እባክህ ተው!» ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ መጡ። ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሸቤ የመጡ የቡና ገበሬ ናቸው። «የተሰጣ ቡና አገላብጠህ አታውቅም? ከስር ገብተህ ነው እንጂ!»

መዳፋቸውን ከወገቧ ስር አስገብተው «ቢስሚላህ፣ እህቴ» ብለው አዞሯት። አልጮኸችም።

«ቡና አደረጉኝ እኮ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ቡናስ ዝም ይላል» አሉ።

ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

እስከ ከሰዓት አብረን አገላበጥናት፤ እሳቸው ከወገቧ፣ እኔ ከትከሻዋ። በየመሃሉ በመስኮት ወደ ግቢው ያያሉ። አፈርኩ፤ የራሳቸው በሽተኛ እየጠበቃቸው ይሆናል።

«አባባ፣ የእርስዎ ታማሚ የት ናቸው? እኔም ልርዳዎት።»

«ባለቤቴ ነበረች» አሉ፣ የእናቴን ትራስ እያስተካከሉ። «ይህንኑ መድኃኒት ሰጥተዋት እኔው ነበርኩ የማገላብጣት። ዛሬ ጠዋት ከዚህ አልጋ አነሷት። አስከሬኗን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ነው የቆምኩት። በል ያዝ፣ ወደ ግራ እናዙራት።»