በግንቦት የተጫወቱት ገና

የጥንግ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ማገዶ የሚፈልጥ ሰው ያለ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት ግን ቆልማማ ዱላ ክብ እንጨት ሲመታ ነው። አያ ባዬ ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቶ እንኳ ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ ከጆሯቸው አልጠፋም። ከአምባ ጊዮርጊስ በታች ባለው መስክ፣ በገና ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ አገሬው «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ ለሁለት ይከፈልና ፀሐይ እስክትጠልቅ ይራኮታል። ያሸነፈው ወገን ወደ ግራዝማች ባምላክ ግቢ ይተምና ጌታውን ፊት ለፊት እየሰደበ ይጨፍራል።

በጌታችን ጎተራ አይጡ መነኮሰ፣
የሚቀምሰው አጥቶ እየተላቀሰ።

በሌላ ቀን ቢሆን የሚያስገርፍ ነበር። በገና ጨዋታ ግን ጌታ አይቆጣም። ግራዝማች አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዳምጡና፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተነሥተው ይወጣሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሙክት እየተጎተተ ይመጣል። ባዬ በልጅነታቸው ይህን እያዩ ስላደጉ፣ በዚያች ቀን ስድብ የዝምድና ምልክት ነው ብለው ያምናሉ። የማይሰድቡት ጌታ የሌላ አገር ጌታ ነው፤ የራስ ከሆነ ይሰደባል።

ኋላ ዘመኑ ተገለበጠ። ግራዝማችም አለፉ፣ መስኩም ዝም አለ። ወጣቱ የሩቅ አገር ኳስ በስልክ ማየት ለመደ፤ ባዬም ዱላቸውን ከጣሪያው ማገር ላይ ሰክተው ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ዱላውን ያስወረዳቸው የጎረቤታቸው ልጅ ምስጋናው ነው። ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ስፖርት ያስተምራል። አንድ ቀን መጥቶ፣ «አያ ባዬ፣ ገናንና እግር ኳስን አጋብቼ አዲስ ጨዋታ አውጥቻለሁ። ስሙ ገናኳስ ነው። ግማሹን በዱላ፣ ግማሹን በእግር» አላቸው።

«አጋባሁ ትላለህ» አሉ ባዬ። «ሙሽራዪቱ የትኛዋ ናት?»

ምስጋናው ሳቀ። የአምባ ጊዮርጊስ ቡድን ደጋፊዎች አጋፋሪ አደረጋቸው። መለያ አለበሳቸውና፣ «ባህሉን የሚይዙልን እርስዎ ነዎት» አላቸው። ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። መጀመሪያ ጥቂት ቡድኖች ነበሩ፤ አሁን ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ ያልገባበት ከተማ የለም። ትኬት ይቆረጣል፤ ጨዋታው በየስልኩ ይዞራል፤ ለየቡድኑም ገዢ ተገኘለት። የአምባ ጊዮርጊስን ቡድን የገዛው አቶ አብዮት ነው፤ ጎንደር ላይ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ያለው ሰው።

ይህን ሲሰሙ የባዬ ባለቤት ብርቄ፣ «ቡድን እንደ በሬ ይሸጣል? ጥርሱንስ ማን አየው?» አሉ።

ባዬም በሬ ሲሸጥ እንጂ ቡድን ሲሸጥ አይተው አያውቁም። እየዋለ እያደረ ግራ የሚያጋባው በዛ። እሳቸው ዱላ አያያዝ ያሳዩት የታች ቤት ጎረምሳ ለአዲ አርቃይ ተሰልፎ መጣና በገዛ መንደሩ ላይ ጎል አገባ።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልንህ?» አሉት ከሜዳ ሲወጣ።

«ዝውውር ነው፣ አያ ባዬ።»

«እናትህስ አብራ ተዛወረች?»

ጨዋታውም በታኅሣሥ ማለቂያ መሆኑ ቀርቶ በግንቦት ሆነ። ክረምት ሳይገባ ሊጉ ማለቅ አለበት ተባለ። ባዬ ሞፈርና ቀንበራቸውን ትተው ለገና ሲወጡ፣ በሬዎቹ ሳይቀሩ በትዝብት የሚያዩዋቸው ይመስላቸው ነበር። ቢሆንም ያ ድምፅ ወደ መስኩ ተመልሷል። ለባዬ ይህ ብቻ በቂ ነበር።

ዘንድሮ ግን ክፉ ወሬ መጣ። አቶ አብዮት ቡድኑን ወደ ጎንደር ሊያዛውረው አስቧል፤ እዚያ ተመልካች ይበዛል፣ ካሜራም በቀላሉ ይደርሳል። ቁርጡን የሚናገረው ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ፣ በከተማው ሆቴል አዳራሽ በሚደረገው ግብዣ ላይ ነው ተባለ። ባዬ ያን መስክ እንደገና ዝም ብሎ ሊያዩት ነው። የሚያስቡት እሱን ብቻ ሆነ።

በጨዋታው አምባ ጊዮርጊስ ደባርቅን ረታ። ገና ሳይመሽ አዳራሹ ሞላ። ሽማግሌዎች ለአቶ አብዮት አዲስ ጋቢ ደረቡለት፤ እሱም ደስ ብሎት ትከሻውን አሰፋ። ምስጋናው ወደ ባዬ ጠጋ ብሎ፣ «አያ ባዬ፣ ሞቅ የሚያደርግ ነገር ይበሉልንማ፤ ልቡ ወዲህ እንዲያዘነብል» ሲል አንሾካሾከ።

ባዬ ልብ የሚያዘነብል አንድ ነገር ብቻ ያውቃሉ። ሰውየው የእኛ ነው ወይስ የጎንደር? የእኛ ከሆነ እንደ ጌታችን ይሰደብ። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

የእኛማ ጌታ ውሃ አሽጎ ይሸጣል፣
በነጻ ሲዘንብ ሰማይን ይቆጣል።

ወጣቱ በሳቅ ፈረሰ። የአቶ አብዮትን ፊት ያየ ያየው ግን ሳቁን ዋጠ።

«ይህን ማን አስጠናቸው?» አለ አቶ አብዮት ዝግ ብሎ።

ምስጋናው በመካከል ገባ። «ባህል ነው፣ አቶ አብዮት። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል።»

«አውቃለሁ። እኔም የዳባት ልጅ ነኝ፤ አያቴም ተሰድበዋል። በገና ዕለት ግን ነው። ዛሬ ግንቦት ነው።»

ባዬ ምስጋናውን አዩት፤ እሱ አንገቱን ደፍቷል። ወደ አቶ አብዮት ዞሩ።

«ጨዋታው ገና አይደለም እንዴ፣ ጌታዬ?»

«ገናኳስ ነው።»

«እንግዲያማ ግማሹ ገና ነው» አሉ ባዬ። «ግማሹን እንኳ ይተዉልን።»

ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀና አሳለ። አቶ አብዮት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ባዬ ፈገግ አሉ፤ ግራዝማችም ልክ እንዲህ ነበር የሚነሡት። አሁን ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ሙክቱ ይመጣል፤ መስኩም ይተርፋል። ዓይናቸውን ወደ በሩ ወረወሩ።

አቶ አብዮት ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። በጥንቃቄ አጠፈና ከተቀመጠበት ወንበር ላይ አኖረው። ከጠረጴዛው የመኪናውን ቁልፍ አነሣ፤ ማንንም ደህና እደሩ ሳይል በሩን ከፍቶ ወጣ።