የአባቴን ጀልባ የትኛው መኪና ይጎትታት?

የአባቴ ባለ ሸራ ጀልባ ዛሬ ጠዋት በነፋስ ስልኩ ግቢያችን ለዓመታት ከቆመችበት ጥግ በተሳቢዋ ላይ ሆና ወጣች።

እናቴ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ዳግም ልታያት ትፈልጋለች፤ ዕድሜዋ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

ወንድሜ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን አቀረበ። "እማዬ፣ ይቺ ተራራ ትጎትታለች!"

"መጎተቱንማ በሬም ይጎትታል" አለችው። "አባትህ የሚጠይቀው ቁልቁለት ላይ ማን ይይዛታል ብሎ ነበር።"

እውነቷን ነው። በ1950ዎቹ አባቴ መኪና ሲዋስ ጀልባዋን አስሮ መጀመሪያ የሰፈራችንን ቁልቁለት ይወርድ ነበር። የጎረቤታችንን የሚያምር የቤት መኪና ተሳቢው ከኋላ ገፍቶ አስጨነቃት። ቀጥሎ የተዋሰው ያረጀ ላንድሮቨር ግን ቀስ ብሎ ወረደ፤ እኛም እየዘፈንን ቢሾፍቱ ገባን።

እናንተስ ያኔ ወደ ሐይቅ በምን ትሄዱ ነበር?

የወንድሜ መኪና ቅዳሜ እዚያው ቁልቁለት ላይ ትፈተናለች። እናቴ ከወዲሁ የፀሐይ ኮፍያዋን አውጥታለች።