ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

ከሰፈራችን ጀርባ ካለው ኮረብታ ሥር የሲሚንቶ ፋብሪካ ሊተከል ነው የተባለ ጊዜ በከተማችን በፀዳ ያልተደሰተ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ የፋብሪካው መሠረት ሳይጣል በሐሳቤ ፎቅ ሠርቼ፣ ምድር ቤቱን አከራይቼ፣ ከተከራዩ ጋር ተጣልቼ ነበር። ባቡርም ይመጣል ተባለ። ባቡሩን እንኳ ተዉት፤ እኔ ቁምጣ ለብሼ ስሮጥ ጀምሮ እየመጣ ነው፤ እኔ ሸብቼ እሱ አልደረሰም። እስኪደርስ ድረስ ግን ጭነቱ ሁሉ በተሳቢ መኪና ይመላለሳል፣ ተሳቢው ደግሞ ወደ አስፋልቱ የሚወጣው በእናንተ ኮብልስቶን ነው ሲሉን ደስታችን ቀዘቀዘ።

መንገዳችን ጠባብ ነው። ሁለት ባጃጆች ሲተላለፉ ሾፌሮቹ ሳይፈልጉ ይሳሳማሉ። መታጠፊያው ላይ ደግሞ የአያ ቤት አለ። ሰፈሩ በሙሉ አያ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቤቱን ድንጋይ ተሸክመው፣ ጭቃ አቡክተው በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። መንገዱን የሚያጠኑት ሰዎች መጥተው ለኩና ተሳቢ እንዲታጠፍ ይህ ግድግዳ መነሳት አለበት ብለው ቀይ ቀለም ቀቡበት። ከግድግዳው ጋር ሳሎኑም መኝታ ቤቱም መሄዱ ነው። ለአያ የሚተርፋቸው በሩ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አስጠላቸው።

"ምነው አያ፣ ካሳ ይሰጡዎት የለም እንዴ?" ብላቸው፣

"ካሳው ውስጥ ገብቼ ልተኛ?" አሉኝ።

መስቀል እንዳለፈ የእድራችንን ድንኳን ልናናፍስ አወጣነው። ክረምቱን ተጣጥፎ ከርሞ ጎመን ሊበቅልበት ምንም አልቀረውም ነበር። እሱን የሚችል ግቢ ያለው ሰው ሰፈራችን ውስጥ ስለሌለ፣ ለቅሶም ሆነ ሠርግ ድንኳን የምንተክለው መንገዱ ላይ ነው። ያን ቀንም መታጠፊያው አጠገብ ተክለን፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረን፣ አይጥ የቀደደውን እንጥፍ ጀመር። አያ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ከመሐላችን ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ሠራተኛ አይራብ ብላ ንፍሮ አመጣች።

በዚህ መሐል አጥኚዎቹ ለሙከራ ባዶ ተሳቢ አስከትለው ከች አሉ። ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ። ኢንጂነሩና የተሳቢው ሾፌር ወርደው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና ጥግ ላይ ተቀመጡ። እርስ በርሳችን ተያየን። ለቅሶ ሊደርስ የገባን ሰው "ማንም አልሞተም" ብሎ መመለስ እንዴት ይደረጋል? ባለቤቴ ንፍሮ ዘገነችላቸው። ኢንጂነሩ ከሁላችንም ፊቱ የጠቆረውን ፈልጎ አያን አገኘና ጎንበስ ብሎ "እግዚአብሔር ያጥናዎት" አላቸው።

"አሜን ልጄ" አሉ አያ። የምራቸውን ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ማን ነው ያረፈው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ገና አላረፈም፤ እያጣጣረ ነው።"

"ታሞ ነው?"

"ቀዩን ቀለም ከቀባችሁት ወዲህ ነው የባሰበት" ብዬ የአያን ግድግዳ በአገጬ አሳየሁት።

ሾፌሩን ንፍሮው ትን አለው። ኢንጂነሩ ግን አልሳቀም። ድንኳኑን አየ፣ ግራና ቀኝ መንገዱን አየ።

"እኛ ስናጠና መንገዱ ባዶ ነበር" አለ።

"ሰው ካልሞተና ካልተዳረማ ባዶ ነው።"

"ሲሞትስ?"

"ድንኳኑ እዚሁ ነው። ተሳቢውም ሣልስት እስኪወጣ ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጣል።"

"እኔ በሰው ለቅሶ ላይ አልነዳም ኢንጂነር" አለ ሾፌሩ። "ባቡሩን ብጠብቅ ይሻለኛል።"

ተሳቢው መዞሪያ ስለሌለው እስከ አስፋልቱ ድረስ የኋሊት መውጣት ነበረበት። ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ "ና፣ ና፣ በግራ፣ ኧረ ቁም" ሲለው፣ እሱም አጥር ለአጥር ሲታከክ ጀንበር አዘቀዘቀች። የእኔማ ድምፅ ጠፍቶ እስከ ጥምቀት አልተመለሰም። ኢንጂነሩ በእግሩ እየተከተለ ሁሉንም በዓይኑ አየ።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። አያ በየጠዋቱ ወጥተው ግድግዳቸውን ይዳስሳሉ። በመጨረሻ ስብሰባ ተጠራንና ኢንጂነሩ ተነሥቶ መንገዱ ከወንዙ ማዶ፣ በባዶው ሜዳ እንዲዞር መወሰኑን ነገረን።

"ምን አለ?" አሉኝ አያ።

"ድኗል አለ።"

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ከዚያ "ሸጋ" አሉ። ያን ምሽት ራታቸውን ከቀረባቸው የወራት ቀለብ ጋር አንድ ላይ በሉ ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ፋብሪካው እስካሁን አልተተከለም። ባለፈው ጥር አያ የልጅ ልጃቸውን ሲድሩ ድንኳኑን ከዚያው መታጠፊያ ተከልነው። ቀዩ ቀለም ኖራ ተቀብቶበት ሮዝ ሆኗል፤ ለሠርጉ የተቀባ ይመስላል። አያ ኢንጂነሩንም ጠርተውት ነበር። ከበሮው እየተደለቀ፣ ሰው እስክስታውን እያስነካው፣ እሱ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሲያየኝ ጠቀሰኝ።

"ዛሬስ ምንድን ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሳልጠይቅ አልገባም።"