ለጋሽ መኩሪያ ያላስተረጎምኩላቸው

ገና አሥራ አንድ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ሳለሁ፣ አምስተርዳም ኦስዶርፕ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሟ ከጋሽ መኩሪያ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ለማጽዳት ትወጣና አምሽታ ስለምትመለስ፣ ከትምህርት ቤት ስገባ የማገኘው አጎቴን ነበር። በብርዱ ወራት ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልማል። ትልቁ መብራት የአጎቴን ዓይን ስለሚወጋ በጠረጴዛ መብራት ብቻ ነበር የምናመሸው። ያኔ በጋዝ ማሞቂያው ትንሽዬ መስታወት ውስጥ ሰማያዊ ነበልባል ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ እሳቸው በረንዳ ላይ ሲጋራቸውን አጭሰው ብርዱንና ጭሱን በኮታቸው ይዘው ይገቡና፣ ወንበራቸውን ወደ ማሞቂያው አስጠግተው «እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?» ይሉኛል።

ጋሽ መኩሪያ አዲስ አበባ ሳሉ ከሃያ ዓመት በላይ የአንድ ቴአትር ቤት የልብስ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ንጉሡንም ለማኙንም የሚያለብሱት እሳቸው ስለነበሩ ተረታቸው ሁሉ ከልብስ ይጀምራል። ሌላ ሰው «አንድ ንጉሥ ነበረ» በሚልበት ቦታ እሳቸው «አንድ ካባ ነበረ» ይሉ ነበር። ደጋግሜ የማስነግራቸው ሰው እንዲነካው ስለማይፈቅደው ንጉሥ ነው። ልብስ ሰፊው ንጉሡን መለካት ስላልቻለ ጥላውን ይለካል፤ የለካው ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበርና ካባው ሦስት ሰው የሚያለብስ ሆነ። ንጉሡም አጭር መሆኑን ከሚያምን ብሎ ዕድሜውን ሙሉ በርጩማ ላይ ቆሞ ኖረ።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚተኛው?»

«ቆሞ ነዋ! ለዚያም ነው ሁልጊዜ የሚነጫነጨው።»

ያኔ አንተ ነበር የምላቸው። እናቴ «አንቱ በይ!» ብላ ስትቆጣኝ፣ «ተያት፣ ቃሉ ነው ያጠራት እንጂ ክብሩስ አላጠራትም» ይሏታል።

ቀን ቀን ግን ነገሩ ይገለበጥ ነበር። እሳቸው ዝም ይላሉ፣ እኔ እናገራለሁ። ሐኪም ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቤቱን ያከራየን ድርጅት ቢሮ፣ የትም ቢኬድ ከፊት የምገባው እኔ ነበርኩ። እናቴም ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ጫማዋን ሳታወልቅ «እስኪ ይቺን እይልኝ» ትለኛለች። በአማርኛ የማላውቀውን ነገር በደችም ሳላውቀው ሳስተረጉም እውል ነበር። መድከሜን ለማን እንደምናገር አላውቅም። ልጅም ይደክማል ብሎ የሚያስብ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም፤ ሁሉም ከእኔ የባሰ ደክሞት ነበርና።

ሮተርዳም የሚኖሩ እትዬ ሙሉ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ነበሩን። የሚያጸዱት አንድ ትንሽ ሙዚየም ነው፤ በየበጋው በከተማው መንገድ የሚያልፈው ካርኒቫል የሚባል የጭፈራ ሰልፍ ታሪክና አልባሳት የሚቀመጥበት። የካቲት ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «እዚያ እኮ ልብስ የሚጠግን ሰው ይፈልጋሉ። ጋሽ መኩሪያ ሄደው ቢያዩት?» አሏት ለእናቴ። ያን ሳምንት አጎቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ሱፋቸውን ራሳቸው ተኮሱ፣ ጫማቸውን ሁለቴ ቀቡ፣ እራት ላይም ሳይጠየቁ አወሩ።

ቅዳሜ እናቴ ሥራ ስለነበራት ይዤአቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን የክፍሌ ልጅ ልደት ነበር፤ ሁሉም ዋና ሄደው የድንች ጥብስ ሊበሉ ነው። ከኦስዶርፕ በትራም፣ ከዚያ በባቡር እስክንደርስ ድረስ አኩርፌ ወደ ውጭ እያየሁ ሄድኩ። እሳቸው አላስተዋሉም፤ ወይም ያላስተዋሉ መሰሉ።

ሙዚየሙ ድሮ ትምህርት ቤት በነበረ ሕንፃ ምድር ቤት ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። የሙጫና የአቧራ ሽታ አለው። ከሰው ቁመት የሚበልጡ የላባ ክንፎች፣ ከቆርቆሮ የተሠሩ ዘውዶች፣ በመስታወት ዶቃ የተሸፈኑ ቀሚሶች ራስ በሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ላይ ቆመዋል። የተቀበሉን ሜቭራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ሮሲታ ይባላሉ፤ ካሪቢያን ባሕር ላይ ካለችው ከኩራሳው ደሴት የመጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አሮጊት ናቸው። የእያንዳንዱን ልብስ ታሪክ፣ ማን ለብሶት በየትኛው ዝናብ እንደጨፈረ ሳይቀር ይነግሩናል፤ እኔ ግማሹን ለአጎቴ አቀብላለሁ።

ጋሽ መኩሪያ አንድ ቀይ ልብስ ፊት ደርሰው ቆሙ። በዓይናቸው ፈቃድ ጠይቀው ጠርዙን ገለበጡት።

«ይሄን የሰፋው ሰው ግራኝ ነው በያቸው። ስፌቱ የሚሄደው ወዲህ ነው፣ አየሽ? ላባው የሚረግፈው ደግሞ በሙጫ ብቻ ስለተያዘ ነው። ከሥሩ በክር መታሰር ነበረበት።»

ዞር ብዬ ለሜቭራው ሮሲታ «ያምራል ይላል» አልኳቸው።

«በቃ?» አሉኝ አጎቴ።

«በቃ።»

ትንሽ አዩኝና እንደገና ጀመሩ። አንድ ጊዜ መልአክ የሚሆን ተዋናይ አልብሰው ክንፉ መድረክ ላይ እንደወደቀ ይነግሩኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ነበር።

ሜቭራው ሮሲታ ግን የእኔን አፍ ሳይሆን የእሳቸውን እጅ ነበር የሚያዩት። ከመሳቢያ መርፌና ክር አውጥተው፣ ትከሻው የተቀደደ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላቸው። አጎቴ ኮታቸውን አወለቁ። መርፌውን አንስተው መስፋት ጀመሩ፤ እኔም ማስተርጎም አላስፈለገኝም። ቀዳዳው በዓይናችን ፊት ጠፋ። ሜቭራው ሮሲታ መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉት፣ አጡት፣ ሳቁ።

«ረቡዕ ረቡዕ ይመጡ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ። «ደመወዝ የለንም። ግን ሥራው ብዙ ነው፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለሽም አይደል? አንቺም ይዘሻቸው ትመጫለሽ።»

ረቡዕ ከሰዓት የኔ የምለው ብቸኛ ጊዜ ነበር። ወደ አጎቴ ዞሬ፣ «ሰው አለን፣ አያስፈልገንም ይላሉ» አልኳቸው። ለሜቭራው ሮሲታ ደግሞ፣ «አይችልም፣ ያመዋል» አልኳቸው። ሁለቱም ውሸት በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

ጋሽ መኩሪያ መርፌውን ቦታው መልሰው ሰኩት። ኮታቸውን ለበሱ። «እሺ። አመስግኚልኝ» አሉ። ይቺን ምንም ሳልቀንስ አስተረጎምኳት።

በባቡሩ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ፤ እንዳልተኙ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ምሽት ማሞቂያው አጠገብ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ «ዛሬ ደክሞኛል» አሉኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ለሳምንታት እኔ የቤት ሥራዬን ስሠራ እሳቸው እሳቱን እያዩ ያመሻሉ። እናቴ «ምን ሆነው ነው ጋሼ?» ስትላቸው «ምንም፣ እርጅና ነው» ይሏታል።

ከፋሲካ በኋላ፣ ለሳምንታት ያላየናቸው እትዬ ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኙን። ጫማችንን እያደረግን ነበር።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ሕመሙ እንዴት ሆነልዎ? ሜቭራው ሮሲታ እኮ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። ይሻላቸውና ይምጡ ትላለች።»

«የምን ሕመም?» አሉ አጎቴ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ያንድ እግሬን ጫማ ክር ማሰር አቅቶኝ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ምንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ትራም እስክንጠብቅ እንኳ አልታገሰችም፤ መንገድ ላይ ጮኸችብኝ፣ «እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ የምለፋው ለማን ብዬ ነው? ለትልቅ ሰው ይዋሻል?» እያለች ራሷም ማልቀስ ጀመረች።

ጋሽ መኩሪያ ክንዷን ያዟት። «ተያት። ደክሟት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ደክሞሽ ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩና ጭስ ጭስ የሚለው ኮታቸው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ አታስተረጉሚም» አሉ። «ተረት ብቻ ትሰሚኛለሽ።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ብቻቸውን ሄዱ። የጣቢያዎቹን ስም በትልልቁ ወረቀት ላይ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። አመሻሽ ላይ አንገታቸው ሥር የሚያብረቀርቅ ዱቄት ተጣብቆባቸው ተመለሱ፤ መርፌ፣ ክር፣ መቀስ በደች ምን እንደሚባሉ አውቀዋል፤ ሌላ የተማሩት ቃል ግን ደች ሳይሆን የሜቭራው ሮሲታ አገር ቋንቋ ሆኖ ተገኘ፤ ስቄ አላባራም አልኩ። ማታ ማታ ተረቱ ተመለሰ። ያን በጋ ሰልፉን ለማየት ከእናቴ ጋር ወደ ሮተርዳም ሄድን። ጋሽ መኩሪያ በሱፋቸው፣ ደረታቸው ላይ መርፌዎች ሰክተው፣ ከጨፋሪዎቹ ኋላ ኋላ ይሄዳሉ፤ የአንዷ ክንፍ ሲላቀቅ እየተራመዱ ጀርባዋ ላይ ይሰፉታል። እናቴ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ስታያቸው ዋለች።

ሁለት በጋ ብቻ ነው የሠሩት። ዓይናቸው ደከመ፤ ሙዚየሙም ቦታውን ለቆ ልብሶቹ ተበታተኑ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሳይሞላ አረፉ።

አሁን የምኖረው ዘ ሄግ ነው። ከሥራ ስመለስ ትራም ውስጥ ዓይኔ በራሱ ይከደናል፤ እናቴ ያኔ ምን ያህል ደክሟት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ልጅ ሆኜ ክፉ ነገር የሚሠሩት ክፉ ሰዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። የደከመ ሰውም እንደሚሠራው የተማርኩት ከራሴ ነው። አጎቴን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም የጠበቁ አይመስለኝም። ግን አንዳንዴ ያ ሁሉ ሳምንት፣ ያ ዝም ብለው እሳቱን ያዩበት ሁሉ ምሽት ይታሰበኛል። ሜቭራው ሮሲታ ጥያቄያቸውን እንደጨረሱ «ደክሞኛል» ብል ኖሮ ይበቃ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ አሳምሬ የማውቀው ቃል ነበር።