አክስቴ የሠራችኝ ልል ሹሩባ

አክስቴ ብሉር ጎዳና ላይ በአንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ሹሩባ ትሠራ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ኖርዝ ዮርክ በሚባለው ሰፈር ቤቷ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጠኝና ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ ትሠራኛለች። "አርፈሽ ተቀመጪ! አንገትሽ የዶሮ ነው እንዴ?"

አሥራ አምስት ዓመት በሞላኝ ሰሞን ስትሮክ መታትና ግራ እጇ ዛለ።

ሆስፒታል እንግሊዝኛውን ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ሐኪሟ የአንጎሏን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ አንዲት ነጥብ አሳየችን። "ስትሮኩ ይቺ ናት፤ ትንሽ ናት።" ቀጥላም በነጥቧ ዙሪያ እንደ ጉም የተበተነ ነገር አሳየችን። የአንጎል ነጭ ክፍል ነው አለች፤ ከአንጎል ወደ እጅና እግር መልእክት የሚያመላልሱ ቀጫጭን ክሮች። የአክስቴን ክሮች ደም ግፊት ለዓመታት ቀስ በቀስ ሲበላቸው ኖሯል። ስለዚህ ስትሮኩ ትንሽ ቢሆንም እጇ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል።

"ምን አለች?" አለችኝ አክስቴ።

ዓይኗን አየሁት፤ ፈርታለች። "ትንሽ ናት አለች። ቶሎ ይሻልሻል።"

ሦስት ወር አለፈ። ቴራፒስቷ የሰጠቻትን የላስቲክ ኳስ ጠዋት ማታ ትጨምቃለች፤ ጣቶቿ ግን ክር እንኳ አይዙም፤ ራሷን ትሰድባለች። አንድ እሑድ ስሄድ ማበጠሪያዎቿንና የፀጉር ቅባቷን በፌስታል ቋጥራ ጠበቀችኝ።

"ለፀጉር ቤት ልጆች ስጪልኝ።"

"ለምን?"

"ሰው ትልቁን ተመትቶ ይድናል፤ እኔን ትንሿ አቃተችኝ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?"

አላስቻለኝም። እያለቀስኩ ስለ ክሮቹ ሁሉንም ነገርኳት።

"እና ስንፍና አይደለም?"

"አይደለም።"

"ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ስሰድብ እያየሽ ዝም አልሽ? አንቺ ቀጣፊ!" በግራ እጇ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። ምንም አላመመኝም።

"በቀኝሽ ይሻል ነበር" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ፌስታሉን ፈታችና "ቁጭ በይ" አለችኝ።

አንድ መስመር ለመጨረስ ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብን። ቀኝ እጇ ያጠበቀው ከግራዋ ያመልጣል፤ እንደገና ትጀምራለች። አንድም ጊዜ ግን ራሷን አልሰደበችም። ስትጨርስ በመስተዋት አይታው ደነገጠች። "ፍቺው! የሰው መሳቂያ ትሆኛለሽ።"

"አልፈታም።"

ሰኞ ትምህርት ቤት ፎቶ የምንነሳበት ቀን ነበር። በፎቶው ላይ ልሏ ሹሩባ ጆሮዬ ላይ ወድቃለች፤ የእኔ ጥርስ ደግሞ እስከ መንጋጋዬ ይታያል። አክስቴ ፎቶውን ከማበጠሪያዎቿ አጠገብ አቆመችውና ራቅ ብላ አየችው።

"የሠራችሽ ሴትዮ ሥራዋን አታውቅም" አለች። "እሑድ ቀደም ብለሽ ነይ፤ አንዱ መስመር ብዙ ሰዓት ይፈልጋል።"